ያየሁትንና የሰማሁትን ለይቼ እንድጽፍ ላስተማሩኝ መምህር

ላለፉት አሥር ሳምንታት፣ ዘወትር ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት፣ አራት ኪሎ አካባቢ በምትገኝ ጠባብ ክፍል ውስጥ የወግና የግል ትዝታ አጻጻፍ ላስተማሩን መምህር ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ እወዳለሁ። ስማቸው እንዲጠቀስ ስላልፈቀዱ "መምህራችን" እያልኩ እቀጥላለሁ፤ ለብዙ ዓመታት በጋዜጣ አርታኢነት የሠሩ፣ ዛሬም ቀይ እስክሪብቶ ከደረት ኪሳቸው የማይጠፋ ሰው ናቸው።

ወደ ትምህርቱ የሄድኩት ተወልጄ ያደግሁባትን ድሬዳዋን ለልጆቼ ጽፌ ለማቆየት አስቤ ነበር። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበሩ ልጅነቴ ያለፈው በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር ነው። ይዤ የቀረብኩት የመጀመሪያ ጽሑፍ ግን በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ብዙ ሰው ስለወሰደበት ጎርፍ ነበር። ውሃው ሲያገሣ፣ ሰው ሲጮኽ፣ ግንብ ሲናድ፣ ሁሉንም በዓይኔ እንዳየሁ አድርጌ ጽፌው ስለነበር፣ ሳነበው ክፍሉ ጸጥ ሲል በልቤ ኮራሁ። መምህራችን ግን የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር።

"የዚያን ዕለት ሌሊት የት ነበርክ?"

አዲስ አበባ ነበርኩ። ስለ ጎርፉ ያወቅሁት በማግስቱ እህቴ ስትደውልልኝ ነው።

"እንግዲያውስ ስልኩን ጻፈው" አሉኝ።

በሳምንቱ ስልኩን ጻፍኩት። እህቴ የጎረቤቶቻችንን ስም አንድ በአንድ እየጠራች ማን እንደተረፈ ከነገረችኝ በኋላ፣ ድንገት "ልጆቹ ቁርስ በሉ?" ብላ እንደጠየቀችኝ ትዝ ያለኝ እየጻፍኩ ሳለ ነው። አንድ ገጽ እንኳ አልሞላም፤ ሆኖም ከፊተኛው ስድስት ገጽ ይልቅ የእኔ የምለው እሱን ነው።

የመምህራችን ትምህርት በአብዛኛው የሚያጠነጥነው በዚሁ ጉዳይ ላይ ነው። ለልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ የማስታወሻ መጽሐፍ የተሰጠውን "ካየሁት ከማስታውሰው" የሚለውን ርእስ በሰሌዳው ላይ ጽፈው፣ ማየት አንድ ነገር፣ ማስታወስ ደግሞ ሌላ መሆኑን በዚያ ርእስ ብቻ አንድ ሙሉ ቅዳሜ አስተምረውናል። ከዚያ ወዲህ በደብተራችን ጠርዝ ላይ በእያንዳንዱ አንቀጽ ትይዩ ላየነው "ያ"፣ ለሰማነው "ሰ"፣ ለገመትነው "ግ" እንጽፋለን። "አሉ"፣ "ይባላል"፣ "ሳይሆን አይቀርም" የሚሉትን ቃላት እኔ የድክመት ምልክት አድርጌ እሸሻቸው ነበር፤ እሳቸው ግን አማርኛ ለእውነተኛ ታሪክ ጸሐፊ ያዘጋጃቸው መሣሪያዎች መሆናቸውን አሳይተውኛል። በሕይወት ያለ ዘመድ በጽሑፋችን ውስጥ ካለም፣ ለክፍሉ ከማንበባችን በፊት ለዚያው ዘመድ እንድናነብለት ያስገድዱናል። እህቴ በስልክ ስታዳምጠኝ አንድ ስም አርማኛለች።

ከዚህ ቀደም ሌላ ቦታ ተመሳሳይ ሥልጠና ወስጄ የምስክር ወረቀት ይዤ ከመመለሴ በቀር ሦስት መስመር የተቃና ነገር ሳልጽፍ ስለቀረሁ፣ ልዩነቱን በደንብ አውቀዋለሁ። ያም ሆኖ ለሁሉም ሰው ይሆናሉ አልልም። ልብ ወለድና ግጥም አያስተምሩም፤ አስተያየታቸው ምሕረት የለውም፤ ከሦስት ሰዓት ከሩብ በኋላ የደረሰ ሰው የሚያገኘው የተዘጋ በር ነው፣ እኔም ሁለት ጊዜ ደርሶብኛል። ክፍሉም ከአሥራ ሁለት ሰው በላይ አይይዝም።

ቀጣዩ ዙር ከጥምቀት በኋላ ይጀመራል። የእናት የአባቱን ታሪክ ጽፎ ማስቀመጥ የሚፈልግ ሰው በውስጥ መስመር ቢጽፍልኝ ከእሳቸው ጋር አገናኘዋለሁ። ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል፤ ላፕቶፕ አያስገቡም።