በኪሎዋት ሰዓት ወይስ በደቂቃ?

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ የኤሌክትሪክ መኪና የያዘ ሰው ቻርጅ ማድረጊያ ሲመርጥ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ነው?» ብሎ ነው። እኔ ግን አከፋፈሉን አስቀድሙ እላለሁ።

በኪሎዋት ሰዓት፣ ማለትም የቤት ቆጣሪ በሚቆጥርበት የኤሌክትሪክ መለኪያ ከሆነ፣ የምትከፍሉት ለገባላችሁ ኃይል ብቻ ነው። መኪናችሁ ቀስ ብሎ ቢሞላም ኪሳችሁ አይጎዳም። ሁለት ጣቢያዎችን ማወዳደርም ቀላል ነው። ባለጣቢያዎቹ በእውነት በዋጋ የሚፎካከሩት ያኔ ነው።

በደቂቃ ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። ደቂቃው 10 ብር ነው እንበል። በ60 ኪሎዋት ፍጥነት የሚቀበል መኪና በአንድ ደቂቃ 1 ኪሎዋት ሰዓት ያገኛል። በ30 ኪሎዋት ብቻ የሚቀበለው ትንሽ መኪና ለዚያው ኃይል 20 ብር ይከፍላል። ይሄ ፍትሐዊ አይደለም፤ የሚጎዳው ርካሽ መኪና የገዛው ሰው ነውና። ባትሪው 80 በመቶ ካለፈ ደግሞ አሞላሉ ይቀንሳል፣ ሂሳቡ ግን እንደዚያው ይቆጥራል። የደሴ ብርድም አለ። ሌሊቱን ደጅ ያደረ ባትሪ ጠዋት ላይ ቶሎ አይቀበልም።

የደቂቃው ጥሩ ጎን ወረፋ ላይ ነው። ሞልቶ የቆመ መኪና ቶሎ ይነሳል። ለዚህም ቢሆን ኃይሉን በኪሎዋት ሰዓት አስከፍሎ፣ ሞልቶ የሚቆመውን ብቻ በደቂቃ መቅጣት ይሻላል።

አማራጭ አጥታችሁ በደቂቃ ከሞላችሁ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ባትሪው ሞቅ ሲል ግቡ፤ 80 ላይ ንቀሉ።