ያገለገለ ባለ 4 ቴራ ሃርድ ዲስክ፦ ገዛሁት፣ ፈተንኩት፣ አራት ወር ሠራሁበት

ሥራዬ የሠርግ ቪዲዮ ነው። አምና "ብዙም ያልሠራ" ተብዬ የገዛሁት ሃርድ ዲስክ በሦስተኛ ሳምንቱ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ፤ በማግስቱ ኮምፒውተሩ ጭራሽ አላየው አለ። ውስጡ የአንድ ቅልቅል ሙሉ ቀረጻ ነበረ፣ የሙሽራዋ አያት ቆመው ሲመርቁ ጭምር። ለቤተሰቡ ደውዬ የተናገርኩባትን ቀን አልረሳትም። ስለዚህ የዘንድሮውን የገዛሁት ተጠንቅቄ ነው።

ዕቃው ዌስተርን ዲጂታል ፐርፕል ነው፤ ለደህንነት ካሜራ መቅጃ የሚሠራው፣ ሐምራዊ ወረቀት የተለጠፈበት። መገናኛ አካባቢ ካለ ትንሽ ሱቅ በ7,500 ብር ወሰድኩት። የሄድኩት ላፕቶፔንና የራሱ 12 ቮልት ያለው ማገናኛዬን ይዤ ነው፤ የዴስክቶፕ ዲስክ በዩኤስቢ ኃይል ብቻ አይነሳም። ሻጩ ልጅ ፊቱን አላጠቆረም። "ጋሼ፣ እዚሁ ሰክተው ይዩት" ብሎ ወንበር ሳበልኝ። ሱቁን የማመሰግነው ከሁሉም በላይ ለዚህ ነው። ሰክቼ ልየው ስትሉት የሚያንገራግር ሻጭ ከገጠማችሁ ምንም ቢረክስ ተዉት።

ዲስኩ ስለ ራሱ የሚመዘግበውን ቁጥር የሚያሳየውን ክሪስታልዲስክኢንፎ የተባለ ፕሮግራም ከፈትኩ። 31,406 ሰዓት ሠርቷል፤ ሌት ተቀን ሲቆጠር ሦስት ዓመት ከሰባት ወር ገደማ። ረዳቴ "ይሄማ አልቆለታል" አለ። እኔን ግን ሰዓቱ አላስፈራኝም፣ እንዲያውም አሳመነኝ። የተለጠፈበት ወረቀት የተመረተው በ2020 እ.ኤ.አ. እንደሆነ ይናገራል። የዚያ ዘመን የካሜራ ዲስክ 50 ሰዓት ብቻ ቢያሳየኝ ኖሮ ነበር የምሸሸው። ቆጣሪን ወደ ዜሮ መመለስ ይቻላል፤ በ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀርመን ውስጥ ብዙ ሺህ ሰዓት የሠሩ ዲስኮች ቆጣሪያቸው ተነካክቶ እንደ አዲስ ሲሸጡ ተደርሶባቸዋል። የእኔው ደግሞ የበራው 212 ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ሲ0 የሚለው መስመር እንደሚለው 187 ጊዜ የጠፋው ኃይል ድንገት ተቋርጦበት ነው። ሰው የማያጠፋው፣ መብራት ሲሄድ ብቻ የሚያርፍ መቅጃ ውስጥ ነበር ማለት ነው። የአዲስ አበባን መብራት ለሚያውቅ ይሄ ግልጽ ነው። ቁጥሮቹ እርስ በርስ ተስማሙልኝ።

ዋናዎቹ ግን 05፣ ሲ5 እና ሲ6 የሚሉት መስመሮች ናቸው። 05 ዲስኩ ተበላሽቶበት በመጠባበቂያ የተካውን ቦታ ይቆጥራል፤ ሲ5 ማንበብ አቅቶት በይደር ያቆየውን፤ ሲ6 ደግሞ ራሱን ሲፈትሽ ሊያርመው ያልቻለውን። ሦስቱም ዜሮ ነበሩ። ፕሮግራሙ ሰማያዊ አሳይቶ "ደህና" ማለቱ ብቻውን አይበቃም። ለወራት ያልተነበበ ቦታ ቢበላሽ ዲስኩ ራሱ አያውቀውም።

ስለዚህ ቤት ወስጄ ማታ 3 ሰዓት ላይ ቪክቶሪያ በተባለው ነጻ ፕሮግራም ከዳር እስከ ዳር አስነበብኩት፤ ያለቀው ጠዋት 12 ሰዓት አልፎ ነው። ፍጥነቱ በሴኮንድ ከ150 ሜጋባይት ጀምሮ መጨረሻው ላይ ወደ 75 ወረደ። ይሄ ጤነኛ ነው፣ ወደ መሃል በተጠጋ ቁጥር ዙሩ ያጥራል። የሚያሰጋው ድንገት ቆሞ አንድ ቦታ ላይ ሲያቃስት ነው። በሁለተኛው ሌሊት "ፈጣን" የሚለውን ምልክት አንስቼ ሙሉ ፎርማት አደረግኩት፤ ያኔ ሁሉም ቦታ ላይ ይጻፍበታል። ከዚያ ቁጥሮቹን ሱቅ ውስጥ በስልኬ ካነሳሁት ፎቶ ጋር አስተያየሁ። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ።

ዲስኩና ኮምፒውተሩ መረጃ ሲቀባበሉ የተፈጠረ ስህተትን የሚቆጥረው ሲ7 ግን 14 ይላል። እሱ አብዛኛውን ጊዜ የኬብል ጥፋት ነው፤ ቁጥሩ አንዴ ከወጣ አይወርድም፣ መታየት ያለበት መጨመር አለመጨመሩ ነው። ዲስኩን ከኮምፒውተሩ የሚያገናኝ አዲስ ሳታ ኬብል ገዝቼ አሰርኩት።

ቅሬታዬ ሦስት ነው። ልጁ ዲስኩን እንዲሁ በፌስታል ሊሰጠኝ ነበር፣ ስፖንጅ እንዲፈልግልኝ ያደረግኩት እኔ ነኝ። የመቀየሪያው ጊዜም አንድ ሳምንት ብቻ ነው፤ ሁለት ሌሊት ፈተና ለሚፈልግ ዕቃ ያንሳል። ዲስኩ ለኤዲቲንግም ዘገምተኛ ነው። እኔ ሁለተኛ ኮፒ ብቻ ነው የማስቀምጥበት፤ የደንበኛ ቀረጻ ከእንግዲህ አንድ ቦታ ብቻ አያድርም።

ትናንት ደግሜ አየሁት። 05 ዜሮ፣ ሲ5 ዜሮ፣ ሲ7 አሁንም 14። ቅዳሜ ሌላ ልገዛ ወደዚያው ሱቅ እሄዳለሁ፣ ማገናኛዬን ይዤ።