የብሉቱዝ ኮድ ማንበቢያ ከወራት አጠቃቀም በኋላ፦ የደሴ አየር፣ የሐረጎ ዳገትና የክሩስኮት መብራቶች

ካለፈው ክረምት ጀምሮ ከመኪናዬ ያልተለየው ዕቃ ሰማያዊ ፕላስቲክ የለበሰ፣ የክብሪት ቀፎ የሚያህል መሣሪያ ነው። ከመሪው ሥር ባለው ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት ላይ ይሰካል፣ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር ይገናኛል፣ የመኪናው ኮምፒውተር የመዘገበውን የብልሽት ኮድና በየቅጽበቱ የሚያነባቸውን ቁጥሮች ስልኩ ላይ ያወጣል። ዋጋው ከአንድ አዲስ ጎማ ዋጋ እጅግ ያንሳል። የሸጠልኝ ሰው «ይህን ከያዝክ ጋራዥ ምን ያደርግልሃል?» ብሎኝ ነበር። ነጋዴ አይደል! ጋራዥ መሄዴ አልቀረም፤ ባዶ እጄን መሄዴ ግን ቀርቷል።

መኪናዬ ለአውሮፓ ገበያ የተሠራ፣ ዕድሜው የገፋ ያሪስ ነው። ገበያውን የምጠቅሰው በምክንያት ነው። ኦቢዲ ሁለት የሚባለው፣ መኪናው የራሱን ብልሽት የሚመረምርበትና በዚያ ሶኬት በኩል የሚናገርበት ሥርዓት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በአሜሪካ ከ1996፣ በአውሮፓ ደግሞ ለቤንዚን መኪኖች ከ2001 ጀምሮ ግዴታ ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲህ ለእነዚያ አገሮች የተሠራ መኪና ከመሣሪያው ጋር ወዲያው ይግባባል። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ አሮጌ ቪትዞች ግን ሶኬቱ እያላቸው ላይግባቡ ይችላሉ። ጎረቤቴ ቪትዝ ላይ ስሰካው የመሣሪያው መብራት በራ፣ ስልኬም አገኘው፣ ከመኪናው ኮምፒውተር ግን ምንም መልስ አልመጣም። መተግበሪያው ውስጥ ለጃፓን ቶዮታዎች የሚሆን ልዩ የማስጀመሪያ ትእዛዝ ሲጻፍለት ነው የተግባባው። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የሰው ለምኑና በራሳችሁ መኪና ላይ ሰክታችሁ እዩት። አይፎን የያዛችሁ ደግሞ ተራውን የብሉቱዝ ዓይነት አትግዙ፤ ለእናንተ የሚሆነው በዋይፋይ ወይም በአዲሱ ዝቅተኛ ኃይል ብሉቱዝ የሚሠራው ነው።

አሁን ወደ ደሴ ልምጣ። ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው መመሪያ አብዛኛው ለባሕር ጠለል ሰው የተጻፈ ነው። ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሳ የአየር ግፊቱ ወደ 100 ኪሎፓስካል መጠጋት አለበት ይላል። እኛ 2,500 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ነው ያለነው፤ እኔ የማነበው 75 ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ሴንሰሩ ሞቷል ብሎ ለመለዋወጫ ገንዘብ ማሰባሰብ ይጀምራል። ያው መኪና ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደርስ 81 ወይም 82 ያሳያል። ቁጥሩ ከከፍታው ጋር አብሮ ከተቀየረ ሴንሰሩ ጤነኛ ነው ማለት ነው። ለዚህ ፈተና ከደሴ ኮምቦልቻ መንገድ የሚሻል ያለ አይመስለኝም፤ 25 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ መንገድ 600 ሜትር ያህል ትወርዳላችሁ።

መልሱን ስትወጡ ደግሞ የሙቀቱን ቁጥር ክፈቱ። በእኔ አስተያየት የመሣሪያው ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። እንደ ቪትዝና ያሪስ ያሉ ትንንሽ መኪኖች የሙቀት መለኪያ ቀስት የላቸውም። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ሰማያዊ፣ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ቀይ መብራት ይበራል፤ በመካከሉ ያለውን ሹፌሩ አያይም። ሐረጎ ላይ ከጫነ ተሳቢ ኋላ ተይዞ በአንደኛ ማርሽ ለሚንፏቀቅ ሰው ቀዩን መጠበቅ አይበጅም። እኔ ስልኩ ላይ 88፣ 91፣ 95 ሲል አያለሁ፤ የራዲያተሩ ማራገቢያ ይነሳና ወደ 90 ይመለሳል። 100ን ካለፈ የመኪናውን ውስጥ የሚያቀዘቅዘውን ኤሲ አጠፋለሁ፣ ካልወረደ ጥግ እይዛለሁ።

እዚህ ላይ መሣሪያው የማይነግራችሁ አንድ ነገር አለ። በእኛ ከፍታ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ሞተራችን 95 ላይ ሳይፈላ የሚሠራው የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ስለሚይዝለት ነው። የክዳኑ ጎማ ካለቀ፣ ስልኩ ላይ ያለው ቁጥር ምንም የሚያስደነግጥ ሳይሆን ውሃው ሊፈላና ሊገነፍል ይችላል። ስለዚህ ክዳኑን ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከፍቶ ማየት የግድ ነው።

ስለ ኮድ ደግሞ። ጥቅምት ላይ ቢጫው የሞተር መብራት በራና ስሰካ ፒ 0171 አወጣ። ትርጉሙ በድብልቁ ውስጥ አየር በዝቷል፣ ቤንዚን አንሷል ማለት ነው። አንድ ጋራዥ ኮዱን ገና ሲሰማ «ኦክስጅን ሴንሰር ይቀየራል፣ ከአዲስ አበባ እናስመጣለን» አለ፤ በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን የሚለካውን ማለቱ ነው። ኮዱ ግን ሴንሰሩ ተበላሽቷል አላለም። የብዙ ሰው ገንዘብ የሚያልቀው እዚህ ጋ ነው፤ ኮዱ የሚናገረው ኮምፒውተሩ የታዘበውን እንጂ የሚገዛውን ዕቃ አይደለም።

ቀጣዩ እርምጃ መተግበሪያው «ፉዩል ትሪም» የሚለውን ቁጥር ማየት ነው። ኮምፒውተሩ ድብልቁን ለማስተካከል ስንት በመቶ ቤንዚን እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ ያሳያል። የእኔው ሞተሩ ባለበት ሲሠራ ከ20 በመቶ በላይ ይጨምር ነበር፤ ነዳጅ ረግጬ 2,500 ዙር ላይ ስይዘው ወደ 5 ይወርዳል። ይህ አወራረድ ራሱ ይናገራል። የሚገባውን አየር ከሚለካው ሴንሰር በኋላ ሾልኮ የሚገባ የተሰረቀ አየር ሲኖር ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው ሞተሩ ትንሽ አየር በሚስብበት ጊዜ ነው፤ ብዙ ሲስብ ስርቆቱ ኢምንት ይሆናል። የቤንዚን ፓምፕ ወይም ማጣሪያ ችግር ቢሆን ኖሮ ነገሩ ተገላቢጦሽ ይሆን ነበር፤ ሲረገጥ ይብስ ነበር።

ይህን ይዤ ሸዋ በር አካባቢ ወደሚሠሩ፣ ሁላችንም ሐጂ ወደምንላቸው አዛውንት የመኪና ኤሌክትሪሻን ሄድኩ። ስልኩን በአክብሮት አዩትና አስቀመጡት። ከዚያ አንድ ክንድ የምታህል የጎማ ቱቦ አወጡ፤ አንዱን ጫፍ ጆሯቸው ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ላይ አድርገው በየመገጣጠሚያው ዞሩ። ከአየር ማስገቢያው ጀርባ ካለች አንዲት አጭር ጎማ ጋ ሲደርሱ ቆሙና ቱቦውን ወደ እኔ ጆሮ አሻገሩት፤ ፉጨት ይሰማል። ጎማዋ ስትታይ ደህና ናት። በአውራ ጣታቸው ሲያጥፏት ግን ከታች በኩል፣ በእርጅና ከደረቀው ቦታ ላይ፣ ስንጥቅ ተከፈተ። «አብሽር ልጄ፣ ሴንሰሩ ምን አጠፋ? ያየውን ነው የተናገረው» አሉኝ። ጎማዋ ተቀየረች፣ ኮዱ ተሰረዘ፣ የቤንዚን ጭማሪው ወደ 3 በመቶ ወረደ። ኦክስጅን ሴንሰሩ እስከ ዛሬ የድሮው ነው።

ለኤሌክትሪክ ብልሽት መሣሪያው የሚጠቅመው በከፊል ነው። የባትሪውን ቮልት ያሳያል፤ የእኔው ከመልቲሜትር፣ ማለትም ቮልት ከሚለካው የእጅ መሣሪያ ጋር ሳስተያየው ትንሽ ዝቅ አድርጎ ነው የሚያነበው። ሞተሩ ጠፍቶ ካደረ በኋላ 12.6 አካባቢ፣ ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ ከ13.8 እስከ 14.5 ከሆነ ዲናሞው ሥራውን ይሠራል። ሞተር እየሠራ 12.3 ላይ ከቆየ ግን ቀዩ የባትሪ መብራት ባይበራም የዲናሞውን ቀበቶና ሽቦውን እዩ።

ነገር ግን ብዙ መብራት በአንድ ጊዜ ሲበራና ሲጠፋ፣ የፊት መብራት ሲደበዝዝ፣ ሞተር የሚያስነሳው ሞተሪኖ ሲያቃስት፣ የኮድ ማንበቢያው የሚያወጣው ዝርዝር ግራ ያጋባል እንጂ አይረዳም። በክረምቱ ጭጋግና እርጥበት ይህ ደሴ ላይ ብርቅ አይደለም። እንዲህ ሲሆን ሐጂ ቀድመው የሚያዩት ማሳውን ነው፤ የባትሪው ኔጌቲቭ ከሞተሩና ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰርበትን ሽቦ። መፈተሻው ቀላል ነው። የመልቲሜትሩን አንድ እግር ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ብረት ላይ አድርጎ ሌላ ሰው ሞተር እንዲያስነሳ ማድረግ። ግማሽ ቮልትና ከዚያ በላይ ከታየ ሽቦው ወይም መታሰሪያው ታሟል። ዝገቱን አራግፎ አጥብቆ ማሰር ብዙ ጊዜ ይበቃል። እንግዲህ ርካሽ መልቲሜትርና ይህን መሣሪያ አቅርባችሁ አንዱን ምረጥ ብትሉኝ መልቲሜትሩን ነው የማነሳው።

የማይችለውንም ልናገር። የኤቢኤስን (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገውን የፍሬን ሥርዓት) እና የኤርባግን ኮድ አያነብም፤ ርካሾቹ በአብዛኛው ከሞተሩ ኮምፒውተር ጋር ብቻ ነው የሚነጋገሩት። በብዙ ቶዮታዎች ላይ የዚያኑ ሶኬት 4ኛና 13ኛ ቀዳዳ በሽቦ አገናኝቶ ቁልፍ ሲከፈት መብራቶቹ ራሳቸው ብልጭ ድርግም እያሉ ኮዱን ይቆጥራሉ፤ ቀዳዳ የተሳሳተ ሰው ግን ፊውዝ ወይም ከዚያ የባሰ ስለሚያቃጥል ለባለሙያ ተዉት። የኤርባግ ሽቦ ላይ ደግሞ መልቲሜትር ፈጽሞ አይደረግም። የሞተር ዘይት ግፊትንም አይናገርም። ቀዩ የዘይት መብራት ሲበራ ስልክ መፈለግ ሳይሆን ሞተር ማጥፋት ነው።

የዕቃው ጥራት እንደ ዋጋው ነው። ላዩ ላይ «ስሪት 1.5» ተጽፏል፤ እንዲህ ያሉ ማንበቢያዎች የሚሠሩበት የዋናው ኢኤልኤም 327 ቺፕ ሠሪ 1.5 የሚባል ስሪት አውጥቶ አያውቅም፣ ስለዚህ ኮፒ መሆኑን ራሱ ይመሰክራል። ለተራ ሥራ ግን አላሳፈረኝም። አልፎ አልፎ ብሉቱዙ ይቋረጥና ነቅዬ እሰካዋለሁ። ቦታው ከጉልበት ጋር ስለሚጋጭ ረጅም ሹፌር ይቸገራል። ሶኬቱ ቁልፍ ቢዘጋም ከባትሪው ኃይል ስለሚያገኝ፣ መኪናዋ ለሳምንታት የምትቆም ከሆነ ነቅሎ መሄድ ነው፤ ትንሽ ትንሽ እየጠባ ባትሪውን ይጨርሳል።

ያልጠበቅሁት ጥቅም የተገኘው መኪና ሲገዛ ነው። ዘመድ መኪና ሊገዛ ሲል አብሬ እሄዳለሁ። መጀመሪያ ቁልፍ ሲከፈት ቢጫው የሞተር መብራት መብራቱን አያለሁ፤ ጭራሽ ካልበራ አምፖሉ ተነቅሏል ወይም ተሸፍኗል። ከዚያ ሰክቼ «ኮድ ከተሰረዘ ወዲህ የተነዳ ርቀት» የሚለውን እከፍታለሁ። ቁጥሩ አምስት ወይም ስድስት ኪሎ ሜትር ከሆነና ኮምፒውተሩ የሚያደርጋቸው ፍተሻዎች «አልተጠናቀቀም» ካሉ፣ መብራቱ የጠፋው ዛሬ ጠዋት ነው። በቅርቡ ፒያሳ አካባቢ አንድ ደላላ ይህን ሳሳየው «ባትሪ ስለተቀየረ ነው» አለኝ። እውነቱንም ሊሆን ይችላል፤ ባትሪ ሲፈታም ኮዱ ይጠፋል። እኔ የምለው አንድ ነው፦ ሐይቅ ከተማ ድረስ ደርሶ መልስ ነድተን እንደገና እንስካው። ባለቤቱ እሺ ካለ እንነዳለን፤ ዛሬ አይመቸኝም ካለ ሌላ መኪና እንፈልጋለን።