ኤልሳት፦ ሎጂክ ጌም ወጣለት እንጂ አልቀለለም

የአሜሪካ ሕግ ትምህርት ቤቶች መግቢያ ፈተና፣ ኤልሳት፣ እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2024 ጀምሮ ሎጂክ ጌም የሚባለው ክፍል፣ ማለትም ሰዎችንና ነገሮችን በተሰጠ ደንብ የመደርደር እንቆቅልሽ፣ ቀርቶለታል። "ቀለለ" የሚሉ አሉ። እንቆቅልሹን በሥዕል እየፈቱ ነጥብ ይለቅሙ ለነበሩት ግን ከበደ፤ አሁን ሁሉም ነገር ንባብ ነው።

አራት ክፍል፣ እያንዳንዱ 35 ደቂቃ፤ ከሁለተኛው በኋላ 10 ደቂቃ እረፍት። አንዱ ክፍል ለሙከራ የገባ ስለሆነ ነጥብ የለውም። የትኛው እንደሆነ ስለማይነገር ግን ማንኛውንም ችላ ማለት አይቻልም።

ዋናው ራስ ምታት የክርክር ጥያቄው፣ ማለትም አጭር ክርክር አንብቦ አመክንዮውን መመርመር፣ ነው። በአንድ ክፍል 25 ገደማ ስለሚመጣ ለአንዱ የሚደርሰው 84 ሰከንድ ነው። ወጥመዱ ደግሞ ከባድ ቃል ውስጥ አይደለም። "ፈቃድ ያለው ብቻ ይነግዳል" ይልና "ፈቃድ ያለው ሁሉ ይነግዳል" የሚል ምርጫ ያስቀምጣል። ሲቸኩሉ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ "ብቻ"ን እንደ "ሁሉ" ያነበበ ነጥቡን ጣለ።

በንባቡ ክፍል አራት ምንባብ አለ፤ አንዱ ጥንድ ነው፣ ሁለት አጫጭር ጽሑፎች ጎን ለጎን የሚነበቡበት። ዝርዝሩን ለመሸምደድ መሞከር ሰዓት ይበላል፤ ጸሐፊው ከማን ጋር እንደሚከራከር መያዝ ይበልጣል።

ልምምዱ መጀመሪያ ያለ ሰዓት፣ ከዚያ በሰዓት ይሁን። የተሳሳቱትን መልስ ብቻ ሳይሆን ለምን እንዳማለለዎት ይጻፉ። ስህተት ነጥብ ስለማይቀንስ፣ አምስት ደቂቃ ቀረ ሲባል ባዶውን ሁሉ ይሙሉት።