ለአሮጌ አይሱዙ ሻሲ፦ ሬንጅ፣ የተቃጠለ ዘይት ወይስ አንቲረስት ከግሪስ ጋር?

ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ መድረቅ ሲጀምር ደብረ ብርሃን ያሉ ባለ መኪና ወዳጆቼ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ፦ «ሻሲው፣ ማለትም መኪናውን ከሥር የተሸከመው ብረት፣ እንዳይዝግ ምን ልቀባው?» መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ሬንጅ አትቀቡ።

እኔ ቀብቼ ከስሬበታለሁ። ከአራት ዓመት በፊት 4,500 ብር ከፍዬ አስረጨሁ። መኪናዋ በግማሽ ቀን ከሥር ጥቁር ሆና፣ አብረቅርቃ ወጣች፤ አዲስ የገዛሁ ያህል ደስ አለኝ። ሦስተኛው ክረምት ካለፈ በኋላ የኋላው ባሌስትራ (መኪናውን የሚሸከመው ተደራራቢ የብረት ምላስ) በሚታሰርበት በኩል ሬንጁ አብጦ አየሁ። በያጁ በመዶሻ ነካ ሲያደርገው እንደ ቆዳ ተገፈፈ፤ ከሥሩ ያለው ብረት ደግሞ ንብርብር ሆኖ ረገፈ። «ጋሼ፣ ይህ ውስጥ ውስጡን ሲበላ የከረመ ነው» አለኝ። ለላሜራ፣ ለብየዳና ለጉልበት 38,000 ብር ወጣ። መኪናዋም ዘጠኝ ቀን ቆመች፤ ያውም በጥር፣ ከሞረትና ጅሩ እህል በሚጫንበት ወቅት።

ጥፋቱ የሬንጁ ብቻ አይደለም፤ ጭቃና ዝገት ሳይጸዳ ከላዩ መረጨቱም ነው። ይሁን እንጂ ለእኛ መንገድ ሬንጅ በራሱም አይመችም። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን በውርጭ ያደረ ሬንጅ ይደርቃል፤ የጣርማ በርን ጭጋግ አልፎ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት ሲወርድ ይለሰልሳል። በዚህ መሐል ጠጠር ይመታዋል፣ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው ውኃ መውጫ ያጣል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ዝገቱን መሸፈኑ ነው፤ ያላያችሁትን ዝገት አትፍቁትም።

የተቃጠለ ዘይት ዋጋው ከምንም አይቆጠርም፤ ጋራዥ ውስጥ በነጻም ይገኛል። በአንድ ነገር አከብረዋለሁ፦ ቀለም በማይደርስበት፣ ሁለት ብረት በተደራረበበት ስንጥቅ ውስጥ ሰርጎ ይገባል። ነገር ግን ከሞተሩ የወጣውን ጥቀርሻና አሲድ ይዟል፤ ብዙውን ጎማ ነክ ነገር ያሳብጣል፤ ለቆዳም ጎጂ ነው። ጎረቤቴ ለዓመታት ቀብቶት ሻሲው ደህና ነው፤ የባሌስትራ ጎማዎቹን ግን ሁለት ጊዜ ቀይሯል። የግቢው አፈርም ዛሬ ሣር አያበቅልም።

እኔ ዛሬ የምሠራው ከላይ አንቲረስት (ዝገት የሚከላከል የመጀመሪያ ቀለም) እና ጥቁር ቀለም፣ ከውስጥ ግሪስ ነው። ከብየዳው በኋላ ያወጣሁትን በዝርዝር ልናገር፦ አንቲረስት አንድ ጋሎን 2,400፣ ጥቁር የብረት ቀለም አንድ ጋሎን 2,600፣ ሦስት ኪሎ ግሪስ 2,100፣ ግሪሱን የማቀጥንበት አዲስ ዘይት 900፣ የሽቦ ብሩሽና ብርጭቆ ወረቀት 600፣ እጥበት 400፣ ለሁለት ቀን ላገዘኝ ልጅ 1,200። ድምሩ 10,200 ብር ነው። ከሬንጁ ከእጥፍ በላይ ቢሆንም ከብየዳው ጋር ሲተያይ ከሦስት አንድ እጅ እንኳ አይሞላም።

አንቲረስት ስትገዙ ክዳኑን በደንብ እዩ። በአሮጌ ቆርቆሮ ተቀጥኖ የሚሸጥ አለ፤ እኔም አንድ ጊዜ 600 ብር ረከሰልኝ ብዬ ወስጄ ነበር። ሲደርቅ በጣት ሲነካ እንደ ቀይ አፈር ይለቃል። ደህናው ከባድ ነው፤ ሲያማስሉት ከሥሩ ወፍራም ቀለም ይነሣል። ሁለት ቆርቆሮ በሁለት እጃችሁ አንሥታችሁ አመዛዝኑ፤ የቀለለውን ተዉት። አንቲረስት ብቻውን እርጥበት ስለሚያሳልፍ ከላዩ ቀለም መደረብ አለበት፤ ብዙ ሰው ገንዘብ ለመቆጠብ የሚተወው ይህንን ነው።

ሥራውን በጥቅምት ወይም በኅዳር፣ ፀሐይ ብረቱን ካሞቀች በኋላ ጀምሩ፤ ማለዳ ብረቱ ጤዛ ለብሶ ነው የሚያድረው። በክሪክ ብቻ አንሥታችሁ ከሥር አትግቡ፤ ጠንካራ ታኮ ደግፉ። በሻሲው መደራረቢያ የታጨቀውን መረሬ ጭቃ በቀጭን ብረት አውጡ፤ የሚረግፈውን ዝገት ሁሉ ፍቁ። ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ግሪሱን በዘይት አቅጥናችሁ በየስንጥቁ አስገቡ። ፍሬን፣ ማርሚታ (የጭስ ማውጫው) እና ጎማ አጠገብ አታድርሱት። ወደፊት ብየዳ ካስፈለገም ለበያጁ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ግሪስ በእሳት ይያያዛል።

ብርዳም በሆኑ የውጭ አገሮች መኪና በብዛት የሚያዝገው በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተን ጨው ነው። የእኛን የሚበላው ጭነታችን ነው፦ በግንቦትና በሰኔ ዩሪያ ማዳበሪያ፣ ከመሐል ሜዳ በግ ጭነው ሲመለሱ የበግ ሽንት። ማዳበሪያ ባራገፋችሁ ዕለት ካሶኒውን (የጭነት ሣጥኑን) እና ሻሲውን በንጹሕ ውኃ ማጠብ ከማንኛውም ቀለም ይረክሳል። ዘንድሮ እኔ ያወጣሁት ለሁለት ኪሎ ግሪስ 1,400፣ ለጥቅምት እጥበት 400፣ በድምሩ 1,800 ብር ብቻ ነው።

አሮጌ መኪና ልትገዙ ሄዳችሁ ከሥሯ አዲስ ሬንጅ ካያችሁ መዶሻ አስመጡና ባሌስትራው የሚታሰርበትን አንኳኩ። ሻጩ አታንኳኩ ካለ ዋጋ ሳትጠይቁ ተመለሱ።