ባህር ዳር ላይ ያገለገለ ጄነሬተር ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ሎድ (ኃይል የሚስብ ዕቃ) ሳታስይዙ ብር እንዳትከፍሉ

ባለፈው ወር ያገለገለ የናፍጣ ጄነሬተር ገዛሁ። ጣና ዳር ካለ ሎጅ የወጣ ነው ተባልኩ። አቅሙ የተጻፈበት ሰሌዳ 30 ኬቪኤ (የጄነሬተር አቅም መለኪያ) ይላል፤ ዋጋውም ከገበያው ቀነስ ያለ ነበር። ለንግድ አልፈለግኩትም። ሞተር መፍታትና ፓኔል መዘርጋት ከልጅነቴ ጀምሮ እወዳለሁ። ሽምብጥ ሰፈር ባለው ግቢዬ፣ ቅዳሜና እሁድ እየጠበቅኩ በራሴ እጅ ልዘረጋው ነበር ሐሳቤ።

ሻጩ ጋ ስሄድ ሞተሩ ወዲያው ተነሳ። ቮልቴጁ 400 ቮልት፣ ፍሪኩዌንሲው 50 ኸርዝ። ደላላው "ወንድሜ፣ እንዲህ ያለ ንጹህ ዕቃ አታገኝም" አለኝ። ግን ያን ጊዜ ጄነሬተሩ አንዲት አምፖል እንኳ አልያዘም ነበር። ባዶውን የሚዞር ጄነሬተር ሁሉ ጤነኛ ይመስላል። ደግሞ ገቨርነሩ (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ክፍል) ሜካኒካል ከሆነ ባዶውን 52 አካባቢ መቆም ነበረበት፣ ሲጫን ወደ 50 እንዲወርድ። ይህን እያወቅኩ ዝም ማለቴ እስካሁን ይቆጨኛል።

ቤት አምጥቼ ገመዱን ዘረጋሁ። 30 ኬቪኤ ማለት በተለመደው 0.8 ፓወር ፋክተር ሲባዛ 24 ኪሎዋት ነው። ለመሞከሪያ ከጎረቤት ስድስት የኤሌክትሪክ ምጣድ ለመንኩ። አንዱ ወደ 3.5 ኪሎዋት ስለሚስብ ስድስቱ 21 ይሆናሉ፤ በየፌዙ፣ ማለትም ከሦስቱ የኃይል መስመሮች በየአንዱ፣ ሁለት ሁለት። እትዬ፣ ጎረቤቴ፣ "ምጣዴ ባዶውን አይቃጠልም" ብለው ሊጣቸውን ይዘው መጡ።

ሦስቱ ምጣዶች ሲገቡ ሞተሩ ተጫነ፣ ግን ቻለ። አራተኛው ሲገባ ፍሪኩዌንሲው 46 ወረደ፣ ጭሱም ጠቆረ። አምስተኛውን እንደሰካሁ ሞተሩ ቀጥ አለ። የእትዬ እንጀራ ዓይን ሳያወጣ ምጣዱ ላይ ቀረ።

ከዚያ ሰሌዳውን አስተውዬ አየሁት። ዙሪያው ያለው ብረት ዝጓል፤ የያዙት ሪቬቶች ግን አዲስ ናቸው፣ ያብረቀርቃሉ። የሞተሩን ጎን በቲነር ሳጥብ ከቀለሙ ስር 16 ኪሎዋት የሚል ጽሁፍ ወጣ። ሰሌዳው የሌላ ጄነሬተር ነው።

ሻጩ ጋ ስደውል "የባህር ዳር ከፍታ ነው፣ ጉልበት ይቀንሳል" አለኝ። እውነት ነው፣ ከተማችን 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ ከአንድ አስረኛ እስከ አንድ አምስተኛ ገደማ ያጣል። ግማሹን ግን አያጣም! ብሬን መልስልኝ ስለው ስልኩን ዘጋው።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። ሻጩ የላከው ኤሌክትሪሻን ያለ ቼንጅኦቨር (ቤቱን ወይ ከመብራት ኃይል ወይ ከጄነሬተሩ ጋር ብቻ የሚያገናኝ ማብሪያ)፣ በቀጥታ ከቆጣሪው መስመር ጋር ሊያገናኘው ነበር። መብራት በጠፋበት ሰዓት ያ ኃይል ወደ ሰፈሩ ትራንስፎርመር ተመልሶ፣ 15 ሺህ ቮልት ሆኖ ምሰሶ ላይ ያለውን ሠራተኛ ሊገድል ይችላል። እንዲህ ላድርግ የሚላችሁን ሰው ከግቢያችሁ አስወጡት።

ስትገዙ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ድረሱ፣ እጃችሁን ብሎኩ ላይ አድርጉ። ትኩስ ከሆነ ቀድመው አሙቀውታል። ከዚያ ቢያንስ አንድ ሰዓት፣ ሰሌዳው ከሚለው ሦስት አራተኛውን አስጭኑት። ሻጩ "ለሎድ የሚሆን ነገር የለኝም" ካለ ምጣዶቹ እኔ ጋ አሉ። ክላምፕ ሜትርም (በገመዱ የሚያልፈውን ከረንት የሚለካ መሣሪያ) አለኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ከሆነ መጥቼ አብሬያችሁ እሞክረዋለሁ።