በፖስታ ወይስ ፊት ለፊት? የኦድሪ ሎርድ ሁለት ወዳጅነቶች

ገጣሚዋ ኦድሪ ሎርድ የተወለደችው ኒውዮርክ ነው፤ ወላጆቿ ግን ከካሪቢያን ደሴቶች የመጡ ስደተኞች ነበሩ። እህትነትን በሁለት መልክ ኖራዋለች።

አንዱ በፖስታ ነው። ከገጣሚዋ ፓት ፓርከር ጋር የተዋወቁት በ1969 (እ.ኤ.አ.) ነው። ፓርከር በአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ኦክላንድ፣ ሎርድ በምሥራቁ ኒውዮርክ፤ አገሩን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ የሚሄድ ደብዳቤ። ፓርከር የጤና ማዕከል ሥራዋን ትታ ለመጻፍ ስታስብ፣ ሎርድ «አይዞሽ» ብላ ብቻ አላለፈችም። አንድ ዓመት ከመነሻው ሲያዩት ረጅም ይመስላል፣ ግን አይደለም ብላ አስጠነቀቀቻት። እኛ ብንሆን «በርቺ» ብለን አንዲት ልብ እንልክ ነበር! ሁለቱም የጡት ካንሰር ይዟቸዋል፤ ስለ እሱም ተጻጽፈዋል።

ሌላው በርሊን ነው። ሎርድ በ1984 እንግዳ መምህር ሆና ስትሄድ፣ ብዙዎቹ ጥቁር ጀርመናውያት ገና እርስ በርስ አይተዋወቁም። አገናኘቻቸው፣ ጻፉ አለቻቸው። «አፍሮ ጀርመን» የሚለውን መጠሪያ ያዙ። በ1986 ገጣሚዋ ማይ አዪምና ጓደኞቿ ታሪካቸውን በመጽሐፍ አወጡ።

ስፋቱን ካየን በርሊን ትበልጣለች፤ ንቅናቄ ወልዳለች። እኔ ግን ለደብዳቤው አደላለሁ። ሰው በተሰበሰበበት ገንዘብ አጠረኝ፣ ፈራሁ ማለት ይከብዳል፤ ለአንድ ወዳጅ በደብዳቤ ግን ይቀላል።

ፓርከር በ1989 አረፈች። ሎርድ በ1992፣ በካሪቢያኗ ሴንት ክሮይ ደሴት። ደብዳቤዎቻቸው በ2018 ታትመዋል።